ዓለሚቱ የበላችው ንፍሮ

ስለ ሸክላ ሠሪዋ ስለ ዓለሚቱ የቀይ አፈርን ሰው ብትጠይቁ መጀመሪያ የሚነግሯችሁ ስለ ምላሷ ነው። «እሳት ነበረች» ይሏችኋል፤ እውነታቸውን ነው። ደብረ ታቦር ገበያ ላይ አንዱ መራጭ ድስቷን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ «ድምፁ ደስ አላለኝም» ቢላት፣ «ለዘፈን ከሆነ ከበሮ ግዛ፤ ይሄ ወጥ መሥሪያ ነው» ብላው ገበያው ሁሉ ስቋል። ሰውየውም እየሳቀ ገዝቶ ሄደ። እኔ ግን የማወራችሁ ከአፏ ስለወጣው አይደለም፤ አንድ ቀን ወደ አፏ ስላስገባችው ነው።

ቀይ አፈር ከጉና ተራራ እግር፣ ከደብረ ታቦር ወደ እብናት በሚወርደው መንገድ አጠገብ ያለች የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። አሥራ ዘጠኝ ቤት፣ አንድ ጸሎት ቤት፣ ዙሪያዋን ደግሞ እስከ ወገብ የሚደርስ የድንጋይ ካብ። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ የሰው መሬት በእኩል ያርሳሉ፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። ሕጋቸው የኦሪት ሕግ ነው፤ ጥብቅ ነው። ከሌላ ወገን ሰው ጋር አይነካኩም። ቢነካኩ ወንዝ ወርደው ገላቸውንም ልብሳቸውንም አጥበው፣ ጀንበር ስትጠልቅ ነው ወደ ቤት የሚገቡት። ሌላ ወገን ያበሰለውን የበላ ሰው ግን በመታጠብ ብቻ አይገላገልም፤ ሰባት ቀን ከካቡ ውጭ ባለች ጎጆ ተቀምጦ፣ ውሃ ውስጥ ያደረ ጥሬ ሽምብራ ብቻ እየቆረጠመ ሆዱን ያጠራል።

ክርስቲያኖቹም በበኩላቸው ይርቋቸዋል። ማረሻውን ይገዛሉ፣ ድስቱን ይገዛሉ፤ የሠራውን ሰው ግን በዓይኑ እንዳያያቸው ይሸፋፈናሉ። ቡዳ ነው፣ ሰው በዓይኑ ይበላል ይላሉ። ወይ ጉድ! በድስቱ እየበሉ ባለድስቷን ይፈራሉ። በተለይ ዓለሚቱን። ልጅ አልወለደችም፣ ባሏ አንጥረኛው ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ብቻዋን ትኖራለች፤ ለወሬኛ ከዚህ የበለጠ ምን ይምጣለት? «የራሷን ልጆች ከሆዷ ሳይወጡ በላቻቸው» ያሏትም ነበሩ። ያን ዕለት ቤቷ ገብታ አልቅሳለች።

ባልና ልጅ ለሌላት ሴት ዓመቱ ረጅም ነው። ዓለሚቱ ዓመቱን የምትገፋው ፋሲካን እየጠበቀች ነበር። በፋሲካ ጠቦቱ በጸሎት ቤቱ ግቢ ይታረዳል፤ መንደሩ ሁሉ ነጭ ለብሶ ከአንድ ጠቦት ይቀምሳል፤ እሷም ከጎረቤቷ ከአሰለፈች ቤተሰብ ጋር ተቆጥራ መሀላቸው ትቀመጣለች። ያን ቀን ብቻ ባሏ የሞተባት ሴት መሆኗን ትረሳለች። ከተወለደች ጀምሮ አንድም ፋሲካ ቀርቶባት አያውቅም።

እንግዲህ ንጉሡ ደብረ ታቦርን ከተማው ባደረገበት ዘመን፣ ሁዳዴ ተጋምሶ፣ በእብናት በኩል ጦር አለፈ። የንጉሥ ጦር ነው የሚሉ አሉ፣ የሽፍታ ነው የሚሉ አሉ፤ ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው ምን ለውጥ አለው? ከተቃጠለ መንደር የተረፉ ሠላሳ ያህል ክርስቲያኖች ሽቅብ ሸሽተው ከቀይ አፈር ማዶ፣ ከወንዙ ባሻገር፣ ከአንድ ትልቅ የኮሶ ዛፍ ሥር ቅጠል ጥለው ሰፈሩ። ወንዶቹ ጥቂት ናቸው። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

የመንደሩ ቄስ ቄስ ማሩ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከጥንቃቄያቸው የተነሳ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሌላ ወገን ሰው ልብሳቸውን እንኳ ነክቷቸው የማያውቅ። ሰዎቹን ከካቡ ላይ ቆመው ሲያዩ ዋሉና ማታ ማኅበሩን ሰበሰቡ።

«ጎተራችን እንደ ድሮው አይደለም፤ ጦሩ ከእኛም ወስዷል» አሉ። «ለእነሱም ለእኛም የሚበቃ የለንም። ስለዚህ እስከ ፋሲካ፣ ከሰንበት በቀር፣ እንጹም። ጀንበር ስትጠልቅ እፍኝ ቆሎ እንቅመስና ቀን የምንበላውን ለእነሱ እንስጥ። እህሉን ወንዙ መሀል ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጡ፤ እነሱ መጥተው ይውሰዱ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የሰጠ እጅ አያወራም። መጾማችንን እግዚአብሔር ይወቀው፤ ወንዝ አታሻግሩት።»

ማኅበሩ «አሜን» አለ። አሰለፈች ብቻ ወደ ዓለሚቱ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «አንቺ ሦስት ቀን ዝም ከምትዪ ሦስት ዓመት ብትጾሚ ይቀልሽ ነበር» አለቻት። ዓለሚቱ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

በጾሙ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዓለሚቱ ጭቃ ልትቆፍር ወደ ወንዙ ወረደች። ራብ አንጀቷን ይዞታል፤ ደስ ግን ብሏታል። ይሄኔ ማዶ ያሉት ልጆች ጠግበዋል እያለች ነበር። ቀና ስትል ግን ያየችውን ማመን አቃታት። የሦስት ቀኑ ባቄላ፣ ሽምብራና ገብስ ከኮሶው ሥር ተቆልሎ ወፍ ይለቅመዋል። ማንም አልቀመሰውም። ከቁልሉ ራቅ ብላ ሦስት ዓመት የማይሞላት ሕፃን፣ ሆዷ ተነፍቶ እግሯ እንደ ሸምበቆ ቀጥኖ፣ የሣር ሥር ነቅላ ከነአፈሩ ታኝካለች።

«እናንተ ሰዎች!» ብላ ጮኸች። «እህሉ ምን ሆነባችሁ? ነቀዘባችሁ?»

ከዛፉ ሥር አንድ ሽማግሌ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ። መሪጌታ አስረስ ነበሩ፤ የተቃጠለው ደብር የዜማ መምህር፣ ስደተኛው ሁሉ በቃላቸው የሚያድር።

«አልነቀዘም» አሉ። «እናንተስ ለምን አትበሉትም?»

«እኛ ምን?»

«ሦስት ቀን ሙሉ ከመንደራችሁ ጭስ አልወጣም። ከካቡ ላይ ሆኖ የሚያላምጥ ሰው አላየንም። ባለቤቱ የማይቀምሰውን እህል እኛ ለምን እንቀምሳለን? ምን አድርጋችሁበት ነው?»

ዓለሚቱ ዶማዋን ጥላ መሬት ላይ ዘፍ አለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል አይደል? አዎ፣ ዝም አይነቅዝም፤ ይሄው እህሉ ሊነቅዝ ነው እንጂ!

«መሪጌታ፣ የማንበላው ስለምንጾም ነው!» አለች። «ለእናንተ እንዲተርፍ ብለን ነው የምንጾመው!»

መሪጌታ አስረስ ሳቁ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ሳቅ ነው። «ልጄ፣ ስለ ጾም ሳስተምር ኖሬያለሁ። ሰው ለነፍሱ ይጾማል፣ ለኃጢአቱ ይጾማል። ለባዳ የሚጾም ሰው ግን አላየሁም» አሉ።

የሕፃኗ እናት ጌጤ ትባላለች። ባሏን በእሳቱ ቀን ያጣች፣ ገና ሃያ ያልሞላት ልጅ እግር። ዓለሚቱ ወደ ልጅቱ ስትመለከት ባየቻት ጊዜ ሮጣ መጥታ ሕፃኗን አነሣችና በነጠላዋ ውስጥ ደበቀቻት።

«እሜቴ፣ በማርያም ይዤሻለሁ» አለች እያለቀሰች። «ልጄን እመቤቴን በዓይንሽ አትያት። ሌላ የለኝም። ከሳማ ቅጠል በቀር ከቀመሰች አራት ቀኗ ነው፤ ዓይን አትችልም።»

ዓለሚቱ ዓይኗን ከልጅቱ መልሳ ወደ መንደሩ አየች። ቄስ ማሩን ልጥራ ብላ አሰበች። መጥተው ምን ሊሉ? ወሬ ለማን ይታመናል? ልጅቱ ደግሞ ወሬ የምትጠብቅበት ጊዜ የላትም፤ ያ የአንገቷ አወዳደቅ ለነገ የሚያደርስ አይደለም። እነዚህን ሰዎች የሚያሳምን አንድ ነገር ብቻ አለ፦ በፊታቸው፣ ከእነሱ ድስት፣ ከእህሉ መብላት።

በጣቷ ቆጠረች። ዛሬ ከበላች ሰባት ቀን ውጭ ናት። ፋሲካ በአምስተኛው ቀን ነው። እንደገና ቆጠረች፤ ያው አምስት ሆነ። ነጩ ልብሷ ታጥቦ ተሰቅሏል። «አይ ዓለሚቱ» አለች ለራሷ፣ «አይ የኔ ነገር።» ተነሣች።

«ድስት ጣዱ!» አለች።

«ምን አልሽ?» አሉ መሪጌታ።

«ባቄላውን ቀቅሉት! እኔ በፊታችሁ እበላዋለሁ።» ልብሷን ሰብስባ፣ ያንን አጥንት የሚቆረጥም የጉና ውሃ ተሻገረች።

ሴቶቹ ወደ ኋላ ሸሹ። አንዷ ድስት አውጥታ ጣደች። ዓለሚቱ ድስቷን ስታይ ከንፈሯ ላይ ቆልመም ያለውን የአውራ ጣት ምልክት አወቀችው፤ የራሷ ነው። «ይህችን እኔ ነኝ የሠራኋት» አለች። «ከእሳት ተርፋ እዚህ ድረስ መጣች? ጎበዝ ናት፤ እናንተ ግን ክዳኗን ጥላችኋል።» ማንም አልሳቀም። ባቄላው እስኪበስል ድረስ ሠላሳ ሰው ራቅ ብሎ ቆሞ አያት፤ እሷም መሬት መሬት እያየች ተቀመጠች።

ንፍሮው ሲወጣ ቅጠል ላይ አድርገው ከፊቷ አኖሩላት። ዓለሚቱ ጌጤን ጠራቻት።

«ልጅሽ ወዴት ናት? በየት በኩል?»

«ምን ልታደርጊያት?»

«ምንም። ፊቴን ላዞር ነው። ዓይኔን የምትፈሪ ከሆነ ጀርባዬ ይሁንልሽ።» ጌጤ በጣቷ አሳየቻት። ዓለሚቱ ፊቷን ወደ ወንዙ አዙራ ጀርባዋን ለልጅቱ ሰጠች። የአብርሃምን አምላክ ለምና፣ ይቅር በለኝ ብላ፣ አንድ እፍኝ አነሣች።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጣፈጣት። ጨው የሌለው ባቄላ፣ በጾም መሀል፣ ከማትበላበት ድስት፤ ሦስት ቀን የተራበ አንጀት ግን ይህን ሁሉ አይጠይቅም። መጣፈጡ አሳፈራት። እያኘከች እንባዋ ወረደ። ከኋላዋ ሰው ሁሉ አሁን ትወድቃለች፣ አሁን አረፋ ትደፍቃለች እያለ ይጠብቃል።

«እስኪ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ እንያት» ሲሉ ሰማች መሪጌታን።

ሁለተኛውን እፍኝ አነሣች። ያኔ ትንሽ የእግር ኮቴ ሰማች። ሕፃናት የሚያውቁት ነገር አላቸው፤ ወይም የሚያውቁት ነገር የለም፤ ራብ ብቻ ያውቃሉ። እመቤቴ ከእናቷ ነጠላ ሾልካ፣ የንፍሮውን ሽታ ተከትላ፣ በዓለሚቱ ጀርባ ዞራ ከፊቷ መጥታ ቆመች። ዓለሚቱ ይህን ስታውቅ ዓይኗን ጭፍን አደረገች። እንዳታያት ብላ፣ እናትዮው እንዳትደነግጥ ብላ፣ ጭፍን! እጇ ግን ንፍሮ እንደያዘ ተዘርግቶ ቀረ። ጌጤ «ወይኔ ልጄን!» ብላ ስትጮህ ተሰማ።

በመዳፏ ውስጥ ትንንሽ ጣቶች ተርመሰመሱ። አንድ ባቄላ ሄደ። ሌላም ሄደ። ዓለሚቱ ከራሷ ወገን በቀር ማንም ነክቷት አያውቅም ነበር፤ የሕፃን ጣት ደግሞ ከማንም ወገን መዳፏ ውስጥ እንዲህ ቆይቶ አያውቅም። ልቧ ስንጥቅ አለ። ዓይኗን አልገለጠችም። ትንፋሿን ይዛ ተቀመጠች።

«ድገሚኝ» አለች ሕፃኗ።

ዓለሚቱ በዳበሳ ከቅጠሉ ላይ አፍሳ ሰጠቻት። ከዚያ ሌላ ሰው ከአጠገቧ ሲንበረከክ ሰማች። ጌጤ ነበረች።

«እሜቴ» አለች። «ዓይንሽን ግለጪ።»

«እፈራለሁ» አለች ዓለሚቱ። እውነትም ፈርታ ነበር።

«ግለጪ፤ እያት። አይተሽ መርቂልኝ።»

ዓለሚቱ ዓይኗን ገለጠች። ልጅቱ አፏ ሞልቶ ጉንጯ ተነፍቶ ትክ ብላ ታያታለች። «እደጊ» አለቻት ዓለሚቱ፤ «እደጊ፣ እደጊ፣ የኔ እናት፣ እደጊ።» ሌላ ምርቃት ሁሉ ጠፋባት። ጌጤ እጇን ሰድዳ ከዚያው ቅጠል በላች። ከእሷ በኋላ ሌሎቹ መጡ፤ ድስቷ ሦስት ጊዜ ተጣደች። መሪጌታ ብቻ «ሁዳዴ ነው» ብለው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ እንደ እሳቸው የበላ የለም።

ዓለሚቱ ወደ መንደር አልገባችም። ከካቡ ውጭ ቆማ አሰለፈችን ጠራችና ነገረቻት፤ አሰለፈችም እየሮጠች ቄስ ማሩን ጠርታ መጣች። ቄሱ ከካቡ ወዲያ፣ እሷ ከካቡ ወዲህ ቆሙ።

«ጾሙን ፈታሽው?» አሉ።

«ፈታሁት፣ አባቴ።»

«ከድስታቸው በላሽ?»

«በላሁ። ሕፃኗንም በእጄ አበላሁ። እህላችንን አልቀመሱትም ነበር፤ ስለማንበላ መርዝ መስሏቸው ሦስት ቀን ጦማቸውን አድረዋል።»

ዓለሚቱ ይቆጡኛል፣ ይረግሙኛል ብላ ጠብቃ ነበር። «አታውሩ ያልሁ እኔ ነኝ» አሉ ቄሱ፤ ድምፃቸው ተሰብሯል። «ትሕትና መስሎኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሕፃናትን አስርቤያለሁ።» ከዚያ ደግሞ «ሕጉ ግን ሕግ ነው፣ ዓለሚቱ» አሉ።

«አውቃለሁ፣ አባቴ። ቆጥሬው ነው የበላሁት» አለች። እሳቸውም ፋሲካውን ማለቷ እንደሆነ ገባቸውና አንገታቸውን ደፉ።

ሰባቱ ቀን ተጀመረ። አሰለፈች በየጠዋቱ የተነከረ ሽምብራ በካቡ ላይ ታስቀምጥላታለች፤ ከርቀት ታወራታለች። ጌጤም ልጇን አዝላ እየመጣች ከጎጆዋ ደጅ ትቀመጣለች። እመቤቴ ወዟ ተመለሰ፤ የዓለሚቱን ሻሽ መጎተት ጀመረች። ደስታው እውነት ነው። ቢሆንም የፋሲካው ቀን ሲነጋ ዓለሚቱ ከጎጆዋ አልወጣችም። ከመንደሩ የሴቶች ሳቅ ይሰማል፣ ጠቦቱ በግቢው ወይራ ላይ ታስሮ ይጮኻል። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። አልቆጫትም፤ ግን ከፋት፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ከሰዓት በኋላ የጉና ራስ ጠቆረ። እዚያ አገር የበልግ በረዶ ሲመጣ አያስጠነቅቅም። መጀመሪያ ነፋሱ፣ ቀጥሎ ሰማዩን የሚሰነጥቅ ብርቱ ነጎድጓድ፣ ከዚያ ባቄላ ባቄላ የሚያህል በረዶ ወረደ። ዓለሚቱ ብትወጣ ከኮሶው ሥር ያሉት የቅጠል ዳሶች አንድ በአንድ ተጠራርገዋል። ወንዙ ቀልቶ ሞልቷል፤ ሴቶቹ ልጆቻቸውን በሆዳቸው ሥር አድርገው በረዶውን በጀርባቸው ይቀበላሉ። ሮጠች። አንዱን አዝላ አንዱን ታቅፋ ውሃውን በድንጋዩ በኩል ተሻገረች፤ ጎጆዋ ውስጥ ጥላቸው ተመለሰች። እመቤቴን ከነእናቷ አመጣች። ጎጆዋ ሞላች፤ ገና ከሃያ በላይ ነፍስ ውጭ ነው።

«ኧረ የወገን ያለህ!» ብላ ወደ መንደሩ ጮኸች። «ኧረ የሰው ያለህ! ልጆቹ አለቁ!»

ማኅበሩ ሁሉ ወደ ካቡ ወጣ። ነጭ ለብሰዋል፣ ታጥበዋል፣ ጀንበር ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል። የነካ ሰው ዛሬ ከጠቦቱ አይቀምስም፤ ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። ሁሉም ወደ ቄስ ማሩ አዩ። ቄሱ የማረጃውን ቢላዋ በእጃቸው ይዘዋል። ቢላዋውን አዩት፤ ካቡ ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡት። ከዚያ ያ ሠላሳ ዓመት ያልተነካ ነጭ ልብሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ በሽማግሌ እግራቸው ካቡን ዘለሉት።

መሪጌታ አስረስ ውሃው ዳር ቆመው ይንቀጠቀጡ ነበር። ቄስ ማሩ ፊታቸው ሄደው ጎንበስ አሉና ጀርባቸውን ሰጧቸው።

«ይታዘሉ» አሉ።

«ኧረ ይተዉ፣ ይረክሳሉ እኮ!» አሉ መሪጌታ።

«እርኩሰት በውሃ ይለቃል፤ ሞት አይለቅም። ይታዘሉ አልሁ!»

አንዱ ሽማግሌ ሌላውን ሽማግሌ አዝሎ ሽቅብ ሲወጣ ያየ ማን ይቀር? አንጥረኞቹ ወረዱ፣ ሴቶቹ ወረዱ፣ አሰለፈች ሁለት ልጅ በአንድ ጊዜ ይዛ «ዓለሚቱ፣ ይሄኛው ነከሰኝ!» እያለች ወጣች። በረዶው ሲያባራ ከወንዝ ማዶ የቀረ ነፍስ አልነበረም። አሥራ ዘጠኙም ቤት እሳት ነደደበት፤ በየእሳቱ ዳር የማን ልጅ እንደሆነ የማይለይ ልጅ ተጠቅልሎ ተቀመጠ። ዓለሚቱን አሰለፈች እጇን ይዛ ጎትታ አስገባቻት። «ማን ከማን ይራቅ?» አለቻት። «ሁላችንም አንቺን ሆነናል።»

ጀንበር ጠለቀች። ያኔ ነው ጠቦቱ ግቢ ውስጥ የጮኸው። ሰው ሁሉ አስታወሰው፤ በመንደሩ ውስጥ ሊያርደው የሚችል አንድ ንጹሕ እጅ አልነበረም።

«ቄስ፣ እንግዲህ ፋሲካ ቀረ?» አለች አሰለፈች።

ቄስ ማሩ ኦሪቱን በቃላቸው ያውቁታል። «የረከሰ ሰው ፋሲካውን በሁለተኛው ወር በአሥራ አራተኛው ቀን ያድርግ ይላል፤ እግዚአብሔር ለሙሴ የነገረው ነው» አሉ። «እስከ ዛሬ ለማንም አንብቤው አላውቅም። ሰባቱ ቀን ሲያልቅ ለዓለሚቱ ብቻዋን ላነብላት አስቤ ነበር። አሁን ለሁላችንም አነባለሁ።»

ያን ሌሊት በየቤቱ ከእንግዶቹ ጋር ከአንድ ድስት ተበልቷልና፣ ሰባት ቀን ሙሉ መንደሩ በሙሉ የተነከረ ሽምብራ ቆረጠመ። አሥራ ዘጠኝ ቤት ሰው፣ ከቄሱ እስከ ሕፃኑ! ሆዱን ያልነፋው አልነበረም፤ ነገሩ ያስቅ ነበር፤ ሳቁም ደግሞ ከካቡ ወዲያና ወዲህ አንድ ላይ ነበር። ከዚያ ክርስቲያኖቹ ፋሲካቸውን አከበሩ፤ ግማሾቹ ዘር ይዘው ወደ መሬታቸው ወረዱ። ጌጤ ግን እስከ ክረምት ቆየች።

በሁለተኛው ወር በአሥራ አራተኛው ቀን ጠቦቱ ታረደ፤ ተጠበሰ። ማኅበሩ ነጭ ለብሶ በግቢው ቆመ። በደንቡ መጀመሪያ የሚቀምሰው ካህኑ ነው። ቄስ ማሩ የመጀመሪያውን ቁራሽ ቆርጠው ያዙና ዓይናቸውን በሰዉ መሀል አዞሩ። ዓለሚቱ ከአሰለፈች ልጆች ኋላ ቆማ ነበር። ሰዉን እያለፉ ሄደው ከፊቷ ቆሙ።

«መጀመሪያ የረከሰች፣ መጀመሪያ ትቅመስ» አሉና አጎረሷት።